ሦስት ብቻ ጨምር

ሱራያ የአጎቷን ፒካፕ በር የዘጋችው ሰፈሩ ሁሉ እንዲሰማ አድርጋ ነው። የተቀመጠችው ጋቢና ነው። ከኋላ ከጆንያ ጋር አይደለም፣ ከሱቁ ባንኮኒ ጀርባም አይደለም፤ ጋቢና። ጭኗ ላይ ባለ ካሬ ደብተር ተዘርግቷል፣ አንገቷ ላይ በጫማ ማሰሪያ የተንጠለጠለ የሩጫ ሰዓት አለ፣ ከሻሿ ስር ደግሞ ሁለት የተቀረጹ እርሳሶች ግራና ቀኝ እንደ ቀንድ ወጥተዋል።

ታናሽ ወንድሟ ሙስአብ በመስኮቱ ብቅ አለ።

«አሁንም አልረፈደም። ውረጂና እኔ ልግባ። ይሄ የኢንጂነር ሥራ ነው።»

«ኢንጂነር?» አለች ቀና ሳትል። «ባለፈው ሴሚስተር ካልኩለስ ጥሎት ለእማማ 'ታምሜ ነው' ያላት የትኛው ኢንጂነር ነበር? ሂድ ሱቁን ጠብቅ። ስኳር ስትመዝን መጀመሪያ ሚዛኑ ዜሮ ላይ መሆኑን እይ፤ እሱም የኢንጂነር ሥራ ነው።»

አጎቷ ባህሩዲን መሪውን ይዞ ሳቁን ዋጠ። ሙስአብም የዋዛ አይደለም፤ «መቶ ነጥብ!» ብሎ ጮኸባትና ጣቶቹን እያወዛወዘ ሄደ። «መቶ!»

ነገሩ እንዲህ ነው። የፊዚክስ መምህሩ ኃይለኢየሱስ ከዲላ እስከ ገደብ የሚሄድ የመኪና ውድድር አዘጋጅቶ አሥራ አራት ሰው ተመዝግቧል። ሁሉም መጀመሪያ የመሰለው እሽቅድምድም ነበር። አይደለም። ወረቀቱ «ከዚህ እስከዚህ በሰዓት አርባ ኪሎ ሜትር፣ ከዚያ ወዲያ በሠላሳ ስድስት» እያለ ያዛል። መንገድ ዳር ደግሞ የት እንደተደበቁ መምህሩ ብቻ የሚያውቃቸው ሰዎች ሰዓት ይዘው ይቀመጣሉ፤ ኬላ ይሏቸዋል። ሦስቱ ኬላዎች ስውር ናቸው፣ አራተኛው በግልጽ ገደብ መግቢያ ላይ ነው። ኬላው ጋ መድረስ ከሚገባህ ቅጽበት አንድ ሰከንድ ከዘገየህ አንድ የቅጣት ነጥብ ይጻፍብሃል። አንድ ሰከንድ ከቀደምክም እንዲሁ። ነጥቡ ያነሰው ያሸንፋል። ስልክ በፖስታ ይታሸጋል፤ የሚቀርህ ሰዓትህ፣ የመኪናህ ኪሎ ሜትር ቆጣሪና ጭንቅላትህ ነው።

ባህሩዲን ይህን ሲሰማ ፊቱ ጠቁሮ ነበር። አሥራ ስምንት ዓመት አይሱዙ ነድቷል። በቡና ወራት ከገደብ ተነስቶ ዲላ ሲገባ በጉዞው መጀመሪያ የቀመሰው ጫት ገና ከጉንጩ አልወጣም ነበር ይባልለታል። እና አሁን አንድ መምህር ተነስቶ፦ ከቀደምክ ትቀጣለህ!

«ይሄ ውድድር ነው ወይስ አስከሬን መሸኘት?» ብሎ ጠየቀ በሰው ፊት።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው፣ ባህሩ» አለው መምህሩ። ሰው ሳቀ፤ የተሳቀበት ደግሞ ዝም ብሎ አይወጣም፤ ባህሩዲን እዚያው ፈረመ።

ከፈረመ በኋላ ነው ጋቢና የሚቀመጥ፣ ወረቀቱን የሚያነብና ሰከንዱን የሚያሰላ መንገድ መሪ እንደሚያስፈልገው የገባው። ቤተሰቡ ሁሉ ወደ ሙስአብ ዞረ። ሙስአብ ዩኒቨርሲቲ ነው። ሱራያ ግን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ጥሏት ከመርካቶ የመጣ ሳሙናና ባትሪ ትሸጣለች። ማንም ያላየው ነገር ቢኖር፣ በርበሬና ሻይ ቅጠል ሊጠቀለልበት በኪሎ የተገዛውን አሮጌ መጽሐፍ ሱራያ አንድም ቅጠል ሳታነብ ቀድዳ እንደማታውቅ ነው። ግማሽ ፊዚክሷን ያገኘችው ከበርበሬ መጠቅለያ ነው። ሌላው ግማሽ ለደንበኛ ስለተሸጠ፣ እሱን ራሷ አስልታ ደረሰችበት።

ውድድሩን በሰማች በሦስተኛው ቀን ደብተሯን አጎቷ ፊት ዘረጋች። በሠላሳ ስድስት የሚሄድ መኪና አንድ ኪሎ ሜትርን በመቶ ሰከንድ ይጨርሳል፤ በአርባ፣ በዘጠና ሰከንድ፤ በአርባ አምስት፣ በሰማንያ። ከዚያ በታች እስከ አንድ አሥረኛ ኪሎ ሜትር ድረስ ተሰልቶ፣ ተሰምሮ፣ በቀይ ተጽፎ። ባህሩዲን ገጾቹን አንድ በአንድ አገላብጦ አየ።

«ከመቶ ነጥብ በታች ካስገባሽኝ» አለ በመጨረሻ፣ «የዘንድሮው ሦስቱም ውድድር ጋቢናው ያንቺ ነው። መቶ ካለፈ ሙስአብ ይቀመጣል፤ አንቺም ወደ ሱቅሽ፣ ያለ ምንም ንግግር።»

«ያለ ምንም ንግግር እኔ?»

«ከባድ መሆኑን አውቃለሁ።»

«ቃል?»

«ወላሂ።»

እንግዲህ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከሠላሳ ሰባት ደቂቃ ላይ፣ ሰባተኛ ሆነው፣ «ቢስሚላህ» ብለው ከዲላ ወጡ።

እስከ ወናጎ ያለው መንገድ አያስቀጣም፤ መኪናህን ለመፈተሽ የተሰጠ ነው። መምህሩ አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ለክቶ ምልክት ተክሏል። የእነሱ ቆጣሪ ምልክቱ ጋ ሲደርስ አሥራ አንድ ከስድስት አለ።

«መኪናህ ትዋሻለች» አለች ሱራያ።

«ማን? እሷ?»

«ለጭቃ ብለህ ትልልቅ ጎማ አስገባህባት። ጎማው ሲተልቅ አንዴ ዞሮ ብዙ ይሄዳል፤ ቆጣሪው ግን በድሮው ጎማ ነው የሚቆጥረው። በየኪሎ ሜትሩ ከሠላሳ ሜትር በላይ ትደብቅብናለች።»

ባህሩዲን የመሪውን ቆዳ ደባበሰ። «አትስሚያት» አላት መኪናዋን።

ሱራያ ምልክቱ አጠገብ ቆመው ባሉበት በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሠንጠረዡን ሁሉ በቀኝ ገጽ ላይ እንደገና አሰላችው። የግራው ገጽ ሱቅ ውስጥ የተሠራው ነው፤ የቀኙ የታረመው። እርሳሷ በደስታ ይሮጥ ነበር። ኋላ ያለው መኪና ክላክስ አደረገ። «ሂድ!» አለች። «አርባ! ከአርባ ዝንፍ እንዳትል!»

ባህሩዲን አርባን እንደ ሕመም ቻለው። ባጃጅ አለፈው። የእንሰት ቅጠል የተሸከሙ ሴቶች ቆመው በአግራሞት አዩት፤ አንዱ ሽማግሌ ጎማው የፈነዳበት መስሏቸው በዱላቸው ወደ ታች እየጠቆሙ ጮኹለት። ሱራያ የግራ እጇን ጣት ሠንጠረዡ ላይ አድርጋ «ልክ ነህ… ልክ ነህ… ልክ…» ትላለች። ስድስት ኪሎ ሜትር ላይ ከአንድ የሐበሻ ጽድ ጀርባ ሁለት ተማሪዎች ብድግ አሉ። የመጀመሪያው ኬላ! ትንሽ ወረቀት በመስኮት ሰጧቸው፤ አሥራ ስምንት ሰከንድ ቀድማችኋል።

ሱራያ ወረቀቱን አየች፣ አጎቷን አየች።

«እግርህ!» አለች። «እኔ አርባ እላለሁ፣ አንተ ሳላይህ ትረግጣለህ። አሥራ ስምንት! ይሄ እግር ነው ወይስ የድንጋይ ጭነት?»

«ወላሂ አልረገጥኩም።»

«ታዲያ ማን ረገጠ፣ የመኪናው ጌታ? እኔ ነኝ?»

የባህሩዲን እግር ከባድ መሆኑን የዲላ ሹፌር ሁሉ ያውቃል፤ እሱም ያውቃል። እናም አመነ።

ቀጣዩ ክፍል በአርባ አምስት ነበር፣ በዱመርሶ አድርጎ ወደ ይርጋጨፌ። ወቅቱ ኅዳር ነው፤ መንገዱ በቡና ታጭቋል። እሸት የጫኑ አይሱዙዎች ከላይ ይወርዳሉ፣ ከሹፌሮቹ ግማሹ ባህሩዲን ያስተማራቸው፣ ግማሹ ያስቀየማቸው ናቸው። ሱራያ ገጹን ገልብጣ በአዲሱ መስመር ላይ አቀረቀረች። ለአንድ ሁለት ደቂቃ ያህል ከቁጥር በቀር ምንም አላየችም። ቀና ስትል መኪናው ሊቆም ምንም አልቀረው። የፍጥነት መርፌው ሃያ ላይ ነው። አጎቷ ጥጉን ይዞ፣ ቀበቶውን እያስተካከለ፣ መንጃ ፈቃዱን ከፀሐይ መከለያው ሥር መዞ፣ የመስጊድ ሰው መስሎ ይጓዛል።

«አጎቴ! ምን ሆነሃል? አርባ አምስት!»

«ዝም በይ፣ ትራፊክ አለ። በፍቃዱ ጠቀሰኝ።»

ኩርባውን ዞሩ። ትራፊክ የለም። እንሰት ጥላ ሥር የፕላስቲክ ወንበር ዘርግታ፣ አንጸባራቂ ሰደርያ ለብሳና ወረቀት ጭኗ ላይ አድርጋ የተቀመጠች ኤልቤቴል የምትባል የመምህሩ ተማሪ ናት። በፈገግታ እጇን አወዛወዘችላቸው። ሁለተኛው ኬላ። ሃምሳ ስምንት ሰከንድ ዘግይታችኋል።

አሁን ይህን የማያውቅ ሰው ካለ፦ በዚያ መንገድ ላይ ሹፌር ለሹፌር ዓይኑ ነው። ከፊት የሚመጣ መኪና በቀን ብርሃን መብራቱን ሁለቴ ብልጭ ካደረገልህ ትራፊክ ፖሊስ አድፍጧል ማለት ነው፤ እግርህን ታነሳለህ፣ በእጅህ ታመሰግናለህ፣ አንተም በተራህ ለሚመጣው ትጠቅሳለህ። በፍቃዱ አይሱዙውን እየነዳ ሲወርድ ሰደርያ የለበሰች፣ ወረቀት የያዘች ሰው መንገድ ዳር አየ፤ ወዳጁን ሊያተርፍ ጠቀሰው። ያተረፈው መስሎት እየተደሰተ ሄደ።

«ሃምሳ ስምንት» አለች ሱራያ ቀስ ብላ። ሱራያ ቀስ ብላ ስትናገር ያስፈራል። «ከአሥራ ስምንት ጋር ሰባ ስድስት። ሃያ አራት ቀረኝ፤ ሁለት ኬላ ደግሞ ገና አለ።»

«ራሴ እንኳ አላወቅኩም፣ ሱራያ። መብራት ሳይ እግሬ ራሱ ይነሳል። አሥራ ስምንት ዓመት ነው።» ጥቂት ሄደና ፊቱ በራ። «ቆይ እንጂ! ይሄ እኮ ለኛ ነው የሚጠቅመን! ጓደኞቼ ሁሉ ኬላው የት እንዳለ ሊነግሩን ነው። እንደፈለግን እንሄዳለን፣ ሲጠቅሱን እናስተካክላለን።»

ሱራያ አሰበች። አላሰበችም ቢባል ውሸት ነው፤ ከምላሷ በፊት ልቧ «ይሁን» ብሎ ነበር።

«አይሆንም» አለች። «አንደኛ፣ ኬላ እያየህ መንቀርፈፍ በሕጉ ያስቀጣል። ሁለተኛ፣ ሙስአብ 'በአይሱዙ ጥቅሻ ነው ያለፈችው' እንዲለኝ አልፈልግም። በሰዓቱ ላይ ያለ ሰው ማን ቢደበቅበት ምን ቸገረው? ስማኝ፤ ሲጠቅሱህ እጅህ ያመስግን። እግርህ ግን አይስማ።»

«እጅ ያመስግን፣ እግር አይስማ» ብሎ ደገመው፣ ልጅ የቁርኣን ሱራ እንደሚቀራ።

ይርጋጨፌ ላይ ሃያ ደቂቃ ዕረፍት ነበር። ሌሎቹ ተወዳዳሪዎች ሻይ ቤቱን ሞልተው ይጨቃጨቃሉ፤ የግብርና ባለሙያዋ ገነት ባሏን «ግራ ስልህ ግራ ነው!» እያለች በሰው ፊት ትገስጸዋለች፤ አንድ ወንጌላዊ መንገድ ስተው ወናጎ ገበያ መሀል መግባታቸውን እየሳቁ ያወራሉ። ባህሩዲን ሁለት ፓስቲና ሻይ አዝዞ አጠገባቸው ተቀመጠ። ሱራያ መኪናው ውስጥ ቀረች። ሂሳቧን ከመጀመሪያው ልትመረምር ደብተሩን ወደ ኋላ ገለበጠች።

የመጀመሪያው ክፍል። በሰዓት አርባ ኪሎ ሜትር። ጣቷ የነበረበት ቦታ በእርሳስ ተቀብቷል፤ ስትጓዝ በየመስመሩ ነጥብ እያደረገች ነበር። ነጥቦቹ ያሉት በግራው ገጽ ላይ ነው።

የግራው ገጽ ያልታረመው ነው።

ቁጭ ብላ አፈጠጠችበት። ወናጎ ላይ በደስታ አርማ አርማ፣ ከዚያ ከቀኙ ይልቅ ዓይኗ የለመደውን፣ ሱቅ ውስጥ ሁለት ሳምንት ያቀፈችውን የግራውን ገጽ አነበበች። ስድስት ኪሎ ሜትር ሙሉ። በአእምሮዋ አሰላችው፤ በእርሳስ እንኳ አላስፈለጋትም። አሥራ ስምንት ሰከንድ፣ ልክ አሥራ ስምንት፣ ሽርፍራፊ የለውም። አጎቷ አልረገጠም። አርባ ሲባል አርባ ነድቷል፣ ባጃጅ እያለፈው።

ሻይ ቤቱ በረንዳ ላይ ባህሩዲን ለወንጌላዊው «እግሬ ነው ያበላሸን፤ የኔ እግር ድንጋይ ነው» ሲል ሰማችው።

ማን ያውቃል? ማንም አያውቅም። ደብተሩን ከሷ በቀር የሚያነበው የለም። ነጥቡ ተቆርጧል፤ የማንም ስህተት ቢሆን አሥራ ስምንት አሥራ ስምንት ነው። ብትናገር ደግሞ ጋቢናውን በአፏ ለሙስአብ ማስረከብ ነው፤ «አንቺም ተሳሳትሽ እኮ» ለማለት የቤቱ ሰው ሁሉ ተሰልፎ እየጠበቀ ነው። ደብተሩን ዘጋች። አጎቷ ፓስቲዋን በወረቀት ጠቅልሎ ሲያመጣላት «እግዜር ይስጥልኝ» እንኳ ሳትል በላች።

ሦስተኛው ክፍል በሬኮ በኩል፣ በሠላሳ ስድስት። ይህ የሷ ቁጥር ነው፦ መቶ ሰከንድ ለአንድ ኪሎ ሜትር፣ ሰው በእንቅልፍ ልቡ የሚያሰላው። አሁን በቀኙ ገጽ ታነባለች፤ የግራውን በወረቀት ማያያዣ ቆልፋበታለች። ሆኖም መርፌው አይታዘዝም። «ሠላሳ ስድስት» ትላለች፤ ሠላሳ አምስት ይላል። «ዘገየህ፣ ጨምር»፤ ለጥቂት ይጨምርና መልሶ ይለቃል። አንድ አይሱዙ ጠቀሰ፤ የባህሩዲን እጅ አመሰገነ፣ እግሩ ግን ጸና። ሱራያ ደስ አላት። ኩርባው ላይ ኬላ ነበር። ዘጠኝ ሰከንድ ዘግይታችኋል።

ሰማንያ አምስት። አሥራ አምስት ቀረ።

«ሠላሳ ስድስት እያልኩህ ለምንድን ነው ሠላሳ አምስት የምትነዳው?» አለች። ቁጣዋ ግን የወትሮው አልነበረም።

«ስለቀነስኩለት ነዋ። አንቺ ሠላሳ ስድስት ስትዪ የኔ እግር ስለሚያበዛ፣ አንድ አንድ ቀንሼ ብይዝ ይስተካከላል ብዬ ነው። መጀመሪያ ላይ በእግሬ አይደል አሥራ ስምንት የተቀጣነው? ያንቺን ልፋት በእግሬ አላበላሽም፣ ሱራያ።»

ሱራያ መስኮቱን ከፈተች። ከሬኮ ኮረብታ የሚወርደው አየር የታጠበ ቡና ይሸታል። ይህ ሰው በመጨረሻው ክፍልም አንድ አንድ እየቀነሰ ይነዳል፤ ዝም ካለች መቶውን ያልፋሉ። ከተናገረች ደግሞ… ሱቅ ውስጥ ደንበኛ ጎድሎብኛል ሲላት ሚዛኑን ፊቱ ላይ አምጥታ የምታስቆጥር ልጅ ናት። ሚዛኑ አሁን ወደሷ ዞሯል።

«እግርህ አይደለም» አለች።

«ምኑ?»

«አሥራ ስምንቱ። ያልታረመውን ገጽ ነበር የማነበው። የግራውን። አንተ ልክ ነበርክ። አርባ ስልህ አርባ ነድተሃል። ይርጋጨፌ ላይ ነው ያወቅኩት፣ አልነገርኩህም። ጥፋቱ የኔ ነው።» ከዚያ ለመጨረስ ያህል፣ እንደተለመደው ከፍ ባለ ድምፅ፣ «ስለዚህ መቀነስህን ተው! እግርህ ጤነኛ ነው!»

አንድ ድልድይ አለፉ፣ አንድ የተሰለፈ የቡና ለቃሚ ቡድን አለፉ።

«አሥራ ስምንት ዓመት ስነዳ» አለ በመጨረሻ፣ «ስንት ረዳት አለፈብኝ። ጎማ ሳያጠብቅ የቀረ፣ ጭነት የፈታ፣ አንዱማ መኪናውን ወንዝ ከቶብኝ 'ወንዙ ነው የመጣው' ያለኝ። አንድም ቀን 'ጥፋቱ የኔ ነው' ያለኝ የለም። የመጀመሪያዋ ረዳቴ ነሽ።»

«ረዳት አይደለሁም አልኩህ። መንገድ መሪ ነኝ።»

«እሺ መንገድ መሪ» አለ፤ ወንበሩ ላይም ተደላድሎ ተቀመጠ፣ ልክ ጠባብ ጫማ እንዳወለቀ ሰው።

የመጨረሻው ክፍል ወደ ገደብ የሚያወጣው ነው፤ እሱም በሠላሳ ስድስት። መርፌው ሠላሳ ስድስት ላይ እንደ ምስማር ተመታ። ሱራያ በየግማሽ ኪሎ ሜትሩ ታነባለች፣ ባህሩዲን «እሺ» ይላል፤ ልክ፣ ልክ፣ አንድ ሰከንድ፣ ልክ። ጉም ከላይ እየወረደ እንሰቱን ሸፈነው። ከጉሙ ውስጥ ከወርቃ የሚመጣ አይሱዙ ብቅ አለና ሁለቴ ብልጭ አደረገ። ኋላው የነበረውም ብልጭ አደረገ። ሦስተኛው መብራት ብቻ ሳይሆን እጁንም አውጥቶ መሬት መሬት አሳየ።

«ሦስት ሰው ጠቀሰኝ» አለ ባህሩዲን። እጁ እያመሰገነ ነው።

«እግር አይስማ።»

«አይሰማም። ግን ሦስት ሰው…»

«ሠላሳ ስድስት!»

ኩርባውን ዞሩ። ይህኛው ኬላ አልነበረም። እውነተኛ ትራፊክ ፖሊስ ነበር፤ ከነነጭ ኮፍያው፣ መንገዱ መሀል፣ እጁን ዘርግቶ።

ባህሩዲን «ያ ረቢ» ብሎ ቆመ። ሱራያ የሩጫ ሰዓቷን አየች። ፖሊሱ በመስኮቱ ጎንበስ አለ፣ ሹፌሩን አየ፣ ዓይኑን ማመን አቃተው።

«ባህሩ? አንተ ነህ? ከዚያ ማዶ ጀምሬ ሳይህ ነበር። ምን ሆነህ ነው እንዲህ የምትነዳው፣ አመመህ እንዴ?»

«ደህና ነኝ። ውድድር ላይ ነኝ።»

«ውድድር? በሠላሳ ስድስት?» ፖሊሱ ወደ ሱራያ ዞረ። «ምን አድርገሽው ነው፣ እህቴ?»

«ሃያ ሦስት ሰከንድ» አለች ሱራያ። «ሃያ አራት።»

ፖሊሱ ምን እንደሆነ ባይገባውም እንደሚያስቸኩል ገባው፤ ወደ ጎን ብሎ በእጁ አሳለፋቸው። እየሳቀ ነበር። በአሥራ ስምንት ዓመት ውስጥ ባህሩዲን ወረቀቱን ሳይጠየቅ ያለፈበት የመጀመሪያው ቀን ይህ ነው።

«ሃያ አምስት ሰከንድ በላን» አለች። «ገደብ መግቢያ ሦስት ኪሎ ሜትር ቀረ።»

«አጥብቀሽ ያዢ!» አለ ባህሩዲን፤ ክንዱ ማርሹ ላይ ወደቀ። የድሮው ሰው መጣ። «ሃያ አምስት ሰከንድ? በአንድ ኩርባ እመልስልሻለሁ!»

«አትንካው!» ማርሹን የያዘውን እጁን ጥፍሯ እስኪታተም ጨበጠችው። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ሦስት ኪሎ ሜትር በመቶ መቶ ሰከንድ፣ ሦስት መቶ። ሃያ አምስት ሲወጣለት ሁለት መቶ ሰባ አምስት። «ሦስት ጨምር።»

«ሠላሳ?»

«ሦስት! ሠላሳ ዘጠኝ። ሦስት ብቻ ጨምር።»

«ሦስት ምን ጭማሪ ነው? ጨው ነው እንዴ?»

«አዎ፣ ጨው ነው። ከበዛ አይበላም።»

ባህሩዲን አጉረመረመ፤ መርፌው ግን ሠላሳ ዘጠኝ ላይ ሄዶ ቆመ። የሚገርመው፣ እግሩን ከዚያ ለማቆየት የፈጀው ጉልበት አይሱዙን ዳገት ከማውጣት ይበልጥ ነበር፤ ግንባሩ አላበው። ጉም ውስጥ አህያ መጣ፤ ደግነቱ ጠርዙን ይዞ ሄደ። ሱራያ «አሥራ ዘጠኝ ቀረ… አሥራ አንድ ቀረ… ስድስት…» ትላለች። የገደብ የመጀመሪያዎቹ ቆርቆሮዎች ታዩ። ባንዲራ የያዘ ሰው። መስመሩ።

ሰዓቷን ጨመቀች። አራት ሰከንድ ዘግይተዋል።

ወረቀቱ ከመምጣቱ በፊት ታውቀዋለች፤ ሰማንያ ዘጠኝ። ወረቀቱ ሲመጣ ለአጎቷ ሰጠችው። እሱም አጥፎ፣ መንጃ ፈቃዱ ያለበት ኪስ ውስጥ ከተተው።

ከአሥራ አራት መኪና ስድስተኛ ሆኑ። ገነትና ባሏ አንደኛ ወጡ፤ ባልየው ግራ ሲባል ግራ ሄዷል ማለት ነው። መምህር ኃይለኢየሱስ ሊጨብጣቸው መጥቶ «ባህሩ፣ ስድስተኛ ሆንክ አሉ?» አለው።

«እኔ አይደለሁም» አለ ባህሩዲን። «እኔ እግር ነኝ። ጭንቅላቷ እዚያ ፓስቲ እየበላች ነው።»

ፖስታው ሲከፈት የሱራያ ስልክ ወዲያው ጮኸ። ሙስአብ ነው።

«ስንት?»

«ሰማንያ ዘጠኝ።»

ወዲያ ማዶ የስኳር ሚዛን ሲንኳኳ ተሰማት። «ከሱ ውስጥ ያንቺ ስህተት ስንት ነው?»

ከሦስት ሰዓት በፊት ቢሆን ምን ትል እንደነበር ታውቀዋለች። «አሥራ ስምንት» አለች። «ዘጠኙ የአጎቴ፣ አራቱ የትራፊኩ፣ ሃምሳ ስምንቱ የበፍቃዱ። ሌላስ? ሱቁ ደህና ነው? ከመጣሁ በኋላ የምነግርህ የሒሳብ ነገር አለ፤ ካልኩለስህንም ይዘህ ጠብቀኝ።»

ሲመለሱ ማንም ሰዓት አልያዘባቸውም። ጉሙ ተገፍፏል፣ ፀሐይ እንሰቱን ታበራዋለች፣ ሱራያ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ዳሽቦርዱ ላይ ሰቅላለች፤ ባህሩዲንም ዝም አላት። ከፊት አንድ አይሱዙ መጣ፤ ባዶውን ነው፣ ለሌላ ጭነት እየወጣ። በፍቃዱ ነው። ሁለቴ ጠቀሰ።

የባህሩዲን እጅ ተነሳ፣ አመሰገነ።

ሱራያ ከልማድ ዓይኗን ወደ መርፌው ላከች። ሠላሳ ስድስት ላይ ነው።

«አጎቴ፣ ውድድሩ አልቋል እኮ።»

«አውቃለሁ» አለ። «አንቺ ግን አንብቢልኝ። ልክ ነኝ?»

የሩጫ ሰዓቷን ከአንገቷ አወጣች፤ የሚቀጥለው የኪሎ ሜትር ድንጋይ እስኪደርስም ጠበቀች።